ከሺ የሚበልጠው ቃል

ትብሊሲን ጉም ዋጣት። አብራሪው ዞረና፣
አሁንም ዞረና፣ መውረጃው አልቀና፤
ሌሊት ሰባት ሰዓት የሬቫን አረፍን፤
የት እንዳለን ሳናውቅ ወርደን ተሰለፍን።

ቀና ብዬ ባየው የግድግዳው ጽሕፈት
ዘመድ ይመስላል እንጂ አያውቀኝም በውነት፤
ሀ አለች፣ ቀ አለች፣ እግሯ የዞረ ቢ፣
ተሳካልኝ ብዬ ቆምኩኝ እንዳንባቢ።
«ሀቢ… ቢቀ…» አልኩኝ ጣቴን አስከትዬ፣
መጸዳጃ ቤት ነው፣ በቃ፣ ይሄ ብዬ
በሩን ገፋ ባደርግ፣ አራት ሴት ቁጭ ብሎ
ሻይ ይጠጣል፣ መወልወያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ።
«ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ፣ ወይም ያልኩ መስሎኛል፤
አንዷ ሳቅ አመለጣት፣ እስካሁን ይሰማኛል።

ሥራዬ ወፍጮ ነው። አንድ የተሸረፈ ጥርስ
ጠቅልዬ ይዣለሁ በአሮጌ ሹራብ ልብስ፤
መሳይ ይቀረጽልኝ ብዬ ነው መንገዴ፤
በማሽኑ መስኮት ግን ጠቆረብኝ ጉዴ።
የጉምሩኩ ሹም ጠራኝ፣ ፂሙ እንደ ጃንጥላ
ወደ ታች የወረደ፣ ዓይኑ እንቅልፍ የሞላ፤
መጣብኝ በሩስኛ፣ ሄደ በአርመንኛ፣
እኔ መልስ ያለኝ በአንድ ቋንቋ ብቻ፣ በእኛ።

ክንዴን አዟዟርኩኝ፣ መዘውር ነው ብዬ፤
«ድም! ድም!» አልኩ በአፌም፣ ሞተሩን መስዬ፤
ያን ድምፅ አየር ማረፊያ ማሰማት እንደማይገባ
ያወቅሁት ሌላ ሁለት ዘብ እየሮጠ ሲገባ።

ያኔ ያስተማሩኝን አሰብኩ ከቤቴ፦
«እሺ ይበልጣል ከሺ» ትል ነበር አክስቴ።
አንገቴን ሰበርኩና፣ እጄን ደረቴ ላይ፣
«እሺ፣ እሺ» አልኩት፣ እሺ ስከምርበት ላይ በላይ።
ፂሙ ቀጥ አለ፣ ጆሮው ደም መሰለ፤
ከኋላው ያለው ዘብ ሳቁን ዋጠ፣ ሳለ።
«እሽ?» አለኝ በጣቱ ደረቱን ነካክቶ፤
«እሺ!» አልኩት ደስ ብሎኝ፣ መግባባት ተገኝቶ።

ከሻይ ቤት ያቺ ሴት፣ መወልወያዋን ይዛ፣
ባልዲዋን እየጎተተች ደረሰች እንደዋዛ።
ሁለት መዳፎቿን ከራሷ በላይ ተክላ
ጆሮ አበጀችና አናፋች፣ ጮክ ብላ።
ገባኝ። ወይ መዓቴ! ስንቴ እንደደገምኩት፤
የሰው አገር ሹም ነው አህያ ነህ ያልኩት!

ጥርሱን ከጠረጴዛው አነሣች ገልብጣ፤
ከስንጥቁ ነጭ ነገር ብን ብሎ ወጣ።
ዘቦቹ አፈገፈጉ። የኔም ትንፋሽ ቆመ።
ሴቲቱ በጣቷ ነካች፤ ምላሷ አጣጣመ።
«አልዩር» አለች። አልዩር። እጇን እንደ ሊጥ
እያሸች። «ዱቄት!» አልኩ፣ እንደ ሕፃን ስቅበጠበጥ።
እሷ «ዱቄት» ስትል፣ እኔ «አልዩር» ስላት፣
ሹሙ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወንበሩን ሰጣት።

ደረቷ ላይ ካርድ አለ። ያቺ ቢ፣ ያቺ ቀ፣
ያቺም ሀ አሉበት፤ ዓይኔ እዚያው ወደቀ።
«ህሪፕሲሜ» አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች፤
ስሰብረው ሰምታ፣ ደግማ አስተማረች።

ሲነጋ ለእህቴ ደወልኩ፣ ለአርሴማ፤
«አርመን አገር ነኝ» ብል ጩኸቷ ተሰማ፦
«የስሜ አገር! የሰማዕቷ! መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ፣
እዚያ እኮ አርሴማ አይሏትም። ቆይ፣ አስታውሳለሁ፤
ህሪፕ… ህሪፕሲ…»
«ሜ» አልኳት።

ዞር ብዬ ባይ ወለሉ ርሶ ያብረቀርቃል፤
ሴቲቱም ባልዲዋም የሉም፤ ፈረቃዋ አልቋል።

ጉሙ ተነሣ አሉን። ተጠራን ለመሳፈር።
ቫዝጌን (ስሙን ያኔ ሰማሁ) በሩ ላይ ነበር፤
ጥርሴን በሹራቡ መልሶ ጠቅልሎ
«እሺ?» አለኝ፣ መዳፉን ከጆሮው በላይ ሰቅሎ።

ከሺ የሚበልጠውን አፌ ላይ አምጥቼ
ዋጥኩት።
አናፋሁለት።