በሌላኛው በር

ላም የማውቀው እኔ፣ በመውጫዋ በር ነው፤
ብሩክስ ከተማ፣ ከሥጋው ፋብሪካ፣
ሰንሰለት የሚነዳው ጎኗን ነው የማውቀው።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቦታ ቆሜ፣
አንዲቱን መጋጠሚያ፣ በደቂቃ አራቴ፣ በቢላ ከርክሜ፣
ቀኝ እጄ ደንዝዟል፤ እንቅልፍ ላይ እንኳ ይቆርጣል፣ ይሠራል በሕልሜ።

ምድር ቤቱን ያከራየችን፣ ሄልጋ ፍሪዘን፣ ሰማንያ ሊሞላት፣
ከአስፋልቱ ማዶ፣ አሥራ ስምንት ላሞች፣ አንድ ትራክተር አላት፤
ባሏን ቀብራዋለች፤ ልጇ ካልጋሪ ነው፣ በስልክ ነው የሚያውቃት።

መጋቢት ነው፤ ሌሊት፤ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ገባ፤
በሩን ደበደበች፤ ካፖርቷ ላይ በረዶ፣ ጸጉሯ ላይ ገለባ።
«ጥጃው ተሰንቅሯል። የእኔ እጅ አርጅቷል። ያንተን እጅ ነው የምሻው»
አለችኝ። ይህን እጅ! ምን እንደሚሠራ እያወቀችው።

ሚስቴ እታገኝ ከአልጋ ሆና፣ «ሂድ እንጂ!» አለችኝ፤
«በእኔ ቀን እንኳ አልነበርክ»፤ በአንድ ቃል ወጋችኝ።
እውነቷን ነው። ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤
ያገሬ ደንብ ደግሞ፣ ወንድ ከምጥ ቤት ይውጣ ነው፤
ደስ እያለኝ፣ ሰበብ አደረግኩ።

ጋጣው ውስጥ አንድ አምፖል።
ላሟ ተጋድማለች፤ የዓይኗ ነጩ ወጥቶ ጣራ ጣራ ያያል፤
ከኋላዋ ሁለት ሰኮና ብቅ ብሏል፣
ነጭ፣ ለስላሳ፤ ያለቀ ሳሙና ይመስላል።

እጄን አስገባሁት፣ እስከ ክርኔ ድረስ።
ሙቅ ነው።
እኔ ዘንድ ሁሉም ነገር፣ ከማቀዝቀዣ ቤት ወጥቶ ነው የሚደርስ፤
ላም ሙቅ መሆኗን ለካ ረስቻለሁ።
ጣቶቼ ግን አወቁ፦ ይሄ ጉልበት፣ ይሄ ደረት፣ ይሄ ደግሞ ትከሻ፤
ካርታው ያው ነው፤
መነሻ ሆነ እንጂ፣ የእኔ መድረሻ።

ጭንቅላቱ ዞሯል፤ ገፍቼ መለስኩት፣ አፍንጫውን በመዳፌ ሸሽጌ፤
«ማርያም፣ ማርያም» አልኩኝ፣
ከበር ውጭ የሰማሁትን፣ የሴቶቹን ቃል የራሴ አድርጌ።

ሄልጋ ሰንሰለት አቀበለችኝ፤ ቀጭን፣ የሚያበራ።
ሰንሰለት! ሳየው ሆዴ ተላወሰ፤ እጄ እምቢ ብሎ ፈራ።
«ስታምጥ ብቻ ሳብ። ስታርፍ እረፍ» አለች።
በምጧ ሳብን፣ በእረፍቷ አረፍን፤
ሰዓት የለ፣ ፎርማን የለ፤ ፍጥነቱን ላሟ ናት የምትወስን።

ድንገት እንደ ጎርፍ ወጣ፤
እርጥብ ከረጢት፣ እንፋሎት፣ ጥቁር ነገር፤ ገለባው ላይ መጣ።
አይተነፍስም።
ዝም ያለ ሥጋ። ይሄንንስ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ሄልጋ ከጸጉሯ ላይ፣ አንዲት ገለባ መዘዘች፤
አፍንጫው ውስጥ ከታ፣ እንደ ልጅ ጨዋታ፣ ኮርኩራ ጠበቀች።
አንድ።
ሁለት።
ሥጋው አነጠሰ! ጆሮውን አራገፈ፣ ራሱን ነቀነቀ፤
እኔ ነኝ የጮህኩት፤ የሄልጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከሳቅ ብዛት ወለቀ።

ላሟ ዞራ ላሰች፤ ምላሷ እንደ ሞረድ፣
ከጅራት እስከ ግንባር፣ ከጉሮሮዋ ውስጥ፣
ሰምቼው የማላውቅ ዝቅ ያለ ድምፅ ስትሰድ።

ሄልጋ እግሩን ገለጥ አድርጋ፣ «ሴት ናት» አለች፣ «ትቀራለች።»
ትቀራለች። ገባኝ።
ወንድ ቢሆን፣ ዓመት ተመንፈቅ ነው፤ እኔው ዘንድ ይመጣል፤
ሴቷ ትወልዳለች፤ ጥቂት ይቆይላታል።
እናቷስ? አልኩ በሆዴ፤
ጆሮዋ ላይ ያለውን ቁጥር፣ እንዳላነበው ፊቴን አዞርኩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት ላሟን፣ በአማርኛ፤
ለሴት ሦስት እልልታ ነው፤
እኔ በወንድ ድምፅ፣ ሄልጋ በሳል መሃል፣ ሞከርንላት እኛ።

ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ። ጓንቴን አጠለቅኩ። መጣ ሰንሰለቱ፤
አንድ ጎን፣ ቀዝቃዛ፣ ከነቁጥሩ፣ ከነስብ ካፖርቱ።
መጋጠሚያውን በጣቴ ፈለግኩት፤
አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቅኩት።
ከኋላዬ ፉጨት።
ቆረጥኩት።

ማታ፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ እታገኝን ጠየቅኳት፦
«ያን ሌሊት፣ ልጃችን ስትወጣ፣ መጀመሪያ ምን አደረገች?»
ድስቱን አወረደች። ወንበር ሳበች።
አምስት ዓመት ጠብቃኝ ነበርና፣
ከምጡ መነሻ ጀመረች።