አርባ ሰዓት

ከጠባሴ ወረድ ብሎ፣ ከቆርቆሮ ቤቱ፣
ጋሽ ወልደሰማያት ካሉበት፣ ከነጉልህ መነጽራቱ፣
አንዲት ሰዓት አለች በመስታወት ሣጥን፣
ሁለት ዓመት ሙሉ የሰለበችኝን።
ሰው ሁሉ አቋራጭ ሲሻ፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም፣
በእሷ ደጅ ሳላልፍ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።
ዋጋ ስጠይቅማ፣
«መቶ ሰማንያ ሺህ» እርሳቸው ይሉኛል፣
«ሺህ»ዋ ላይ ስንደርስ ሳል ይጀምረኛል።

እኅቷን ያየኋት ገና ጎረምሳ ሳለሁ፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በተቀጠርኩ በወሩ።
አዲሱን መሸመኛ ሊተክል የመጣ
አንድ መሐንዲስ ነበር፤ እጁን ዘይት ሲያጠጣ
«ያዝልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ገለበጥኳት፤ ወይኔ!
ጀርባዋ መስታወት፤ ልቧን አየሁት በዓይኔ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ሸበትኩኝ እኔ፤
እሷ ግን አልሸበተችም።

ባለፈው እሑድ ዕቁቡ ወጣልኝ። «እንኳን ደስ ያለህ»
ብለው ሊጨብጡኝ ሲመጡ፣ ግራ እጄን ዘረጋሁ።
ለየሻረግ ነገርኳት። አልተቆጣች፤ ሳቀች።
«የትኛው እጅህ ላይ ልታስራት ነው?» አለች።
«ሹራብ፣ ካፖርት፣ ጋቢ ተደራርቦ ሳለ፣
በዚህ አገር ብርድ፣ አንጓ ያየ ማን አለ?
ደግሞስ መች አርፍደህ? ከፋብሪካው ፉጨት
ቀድመህ አይደለም ወይ የምትነሣው ሌሊት?»

እውነቷን ነው። ስልኬም ሰዓት ይነግረኛል፤
ጣሪያው ያንጠባጥባል፤
ምንተስኖት ኮምፒውተር ካልገዛህ ብሎኛል።
እውነቷን ነው።
ግን እውነት ብቻውን መቼ ሰው ያስተኛል።

ሌሊት አሰላሁት በልጄ ደብተር ጀርባ፤
የመንዝ በግ ቢሆን፣ በረት የማይገባ፤
ቆርቆሮም ቢሆን፣ ከነማድ ቤቱ አልፎ
የጎረቤቱን ቤት ያለብሳል ተርፎ።
ደመርኩ፤ ቀነስኩ፤ መልሱ ያው ነበረ፤
ልቤ ከቁጥሩ ጋር አንዴም አልመከረ።

ዛሬ፣ በሐሙስ ቀን፣ ከሥራ ስወጣ፣
«አውጡልኝ» አልኳቸው። ሳሉ አልመጣ።
ቆማ ነበር፦ አሥር ከሩብ፤ የየትኛው ቀን እንጃ፤
የሟቹ የእህል ነጋዴ የመጨረሻ መሄጃ።
«እሷ እኮ ባትሪ የላት፤ ቀለቧ የሰው ክንድ ነው፤
እሰራትና ወዲያ ወዲህ በል፣ ጉዳይ እንዳለው ሰው።»
ካፖርቴን ሰብስቤ፣ ሹራቤን ጠቅልዬ፣
ብርዱ አንጓዬን ሲነክሰኝ፣ አሰርኳት ዝም ብዬ።
በጠባቧ ሱቅ ውስጥ፣ ከበር እስከ ግድግዳ፣
ስመላለስ ቆየሁ፣ እንደ ጨነቀው እንግዳ።

ነቃች።
የሰከንዷ እጅ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣
ከዚያ የራሷን መንገድ ጀመረች።
«በምን ልሙላት?» አሉኝ፤ «በፈረንጅ ነው በኛ?»
«በኛ» አለ ምላሴ፣ ያ ችኩል መልእክተኛ።
አሥራ አንድ ሰዓት አደረጓት።
«ጆሮዋን ጠምዝዝላት እንግዲህ፣ እስክትጠግብ» አሉኝ፤
ጠመዘዝኩ። ጣቶቼ፣ የማሽን ብሎን የለመዱት፣
እንደ ጫጩት ያዟት። አላመኑኝም፤ አላመንኳቸውም።

ከዚያ ፈታኋት።
«ላስብበት» አልኩ።
«አስብበት» አሉ፣ ሣጥኑን ቆልፈው፤
«አሁን ብትተዋትም አትቆምም ወዲያው፤
አርባ ሰዓት ያህል ያንተን ጉልበት ይዛ
ትሄዳለች እዚሁ፣ ቅዳሜን ተጉዛ፣
ገበያው ሲደራ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ትቆማለች።
ከዚያ በኋላ የማንም ናት።»

ወጣሁ። በሬሳ ላይ ጉሙ ወርዷል። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
አንጓዬ ላይ ክብ ብርድ ቀርቷል፤ አልዳበስኩ።
ሰው ያልገዛው ነገር፣ በሱ ጉልበት ሲሄድ፣
ባለቤቱ ማነው? ይህን እያልኩ መንገድ፣
ሁለት ሰው ሰላም አለኝ፤ አልመለስኩም።

«ምን ወሰንክ?» አለችኝ የሻረግ፣ ቤት ስገባ፤
ጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል በባልዲ፣ በጣባ።
«ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት።
ስልኳን አየት አድርጋ፣ «አንድ ሰዓት፤ በል ራት።»
በሆዴ ቀነስኩኝ፦
ሠላሳ ስምንት ቀራት።