ማክሰኞ ጠዋት

ግንቦት ነው በድሬ፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ጣሪያ ላይ ማራገቢያው ሙቀት ያማስላል።
አርባ ስምንት ልጆች፣ አርባ ስምንት ወረቀት፣
ከላይ አንድ ጥያቄ፣ ከታች ሦስት መስመር ክፍት፦
«ስመረቅ መሆን የምፈልገው…»
እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔ ነኝ ያደልኩት፤ እኔው ነኝ የምፈራው።

ኢፍራህ «ዶክተር» ብላ ጻፈች፣ ቀና ሳትል፤
ሲፈን «እኔም ዶክተር»፣ ከኢፍራህ ቀድታ፣ በትንሽ ፊደል።
ዳግማዊ «ፓይለት» ነው፤ አውሮፕላን የሚያውቀው
ከቤታቸው ጣሪያ፣ ሊያርፍ ሲል፣ ሆዱን ነው።
ነጂብ ስሙን ጽፎ የቀረውን ትቶታል፣
ክንዱን ተንተርሶ እንቅልፍ ወስዶታል።
ሌሊት የአጎቱን ባጃጅ ይነዳል፣ ከቀፊራ ሳቢያን፤
ቀን ደግሞ በተራው እንቅልፍ ይነዳዋል እሱን።

አምናም ባዶ ወረቀት አንድ ልጅ ሰጥቶኛል፤
ሙርሰል ይባላል።
«እንዴት ምንም የለህ?» ብዬ ተቆጣሁት፣
«ዩኒቨርሲቲ» ብዬ በእጄ ሞላሁለት፣
ሦስቱንም መስመር፣ በቀይ፣ በትልልቁ።
ፈገግ አለ ሙርሰል። ይሉኝታ ነው ሳቁ፤
እኔ ግን ደስታ መሰለኝ።

ውጤት መጣ። አራት ነጥብ ጎደለው።
አራት፤ አውራ ጣት እንኳ የማይነካው።
ሳምንት ያህል ታይዋን ጫማ ሲሸጥ ታየ፣
ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ተለያየ፦
አንዱ «ደወሌ» አለ፣ አንዱ «ኦቦክ ደርሷል»፣
አንዱ «ጀልባ ሲጠብቅ ስልኩን ሸጦ በልቷል»።
በጥር እናቱ መጣች፤
አልቀመጥም ብላ፣ ሻሿን አገጯ ሥር እያጠበቀች፣
ያንን ወረቀት ዘረጋችልኝ።
«ፍራሹ ሥር ነው ያገኘሁት» አለች፤
«ይሄ ጽሕፈት ግን የልጄ አይደለም።»

አይደለም።

ዘንድሮ ይህን ይዤ ቆሜ ከሰሌዳው ፊት፣
የለመድኩትን ጥያቄ አፌ ውስጥ ባኘክሁት፣
አልወጣ አለኝና፣ «ወረቀቱን ገልብጡ፤
ጀርባው ላይ ለዚህች ብቻ መልስ ስጡ፦
ፈተና ባለቀ በሦስተኛው ሳምንት፣
ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ በሁለት ሰዓት፣
የት ናችሁ?»

ሳቁ። «ፍራሽ ላይ!» አለ ዳግማዊ።
«ይሁን። ስትነሳስ?»
ሰማይን ለሚያውቅ ልጅ
ከፍራሽ እስከ በር ሩቅ ሆነበት።

ሲፈን እጇን አወጣች፦ «ቀፊራ ነኝ እኔ፣
እናቴ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ዱቤው ያለው በኔ፤
ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን እንደካደ፣
ደብተር አልገልጥም።» ክፍሉ በሳቅ ተናደ።
«ይህ እኮ ሙያ ነው፤ ስም አለው፤ ኮሌጅ አለው» አልኳት፤
«በማታም ይማሩታል።» ስሙን ነገርኳት፣ ግን አልጻፍኩላት።

ኢፍራህ ቀስ ብላ፦ «ደም ካየሁ እወድቃለሁ።»
«ታዲያስ ዶክተርነቱ?» «አባዬ ነዋ! እኔ ምን አውቃለሁ?»
«እንግዲያ ማክሰኞ ጎረቤትሽን፣ ነርሷን፣ ድል ጮራ ውሰጂኝ በያት፤
ቆመሽም፣ ወድቀሽም፣ ስትሠራ እዪያት።»

ደወል። ወረቀቱን ሰበሰብኩ በየተራው፤
ከነጂብ ክንድ ሥር ሳብኩት፣ ላብ ያራሰው።
ነቅቶ ነበር ለካ። ጀርባው ላይ፣ ፊደሉ ተንጋዶ፣
ቁልቁል ወርዶ ወርዶ፦
«ባጃጁ ሲበላሽ ፈትቼ የምገጥመው እኔ ነኝ።
ጋራዥ ገብቼ አስተምሩኝ ልል አስቤ፣ ብቻዬን ፈራሁ።
ማክሰኞ አንቺስ የት ነሽ?»
(ድሬ ላይ አንቱ የለም፤ ለመምህርም፣ ለከንቲባም።)

ቀዩን እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።
በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ከሱ ጽሕፈት ራቅ ብዬ፣
«ደቻቱ ድልድይ፣ ለሁለት ሩብ ጉዳይ። ነዳጁ በእኔ» አልኩ።
ገልብጬ አየሁት ደግሞ ከፊቱ፤
ሦስቱም መስመር እንደተከፈቱ።