ክርን

መርማሪዋ መጣች፣ ከአበርዲን፣ ቅጽ ይዛ፣
በጠጉሯ ላይ ቀርቶ የወደቡ ጤዛ፤
"የቤትዎ እንክብካቤ ጥራቱ ስንት ነው?" አለች፣
ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ፊቴ ደረደረች።

እኔ ዱጋልድ፣ በፒተርሄድ ክሬን ላይ የኖርሁ፣
ሠላሳ ዓመት ዓሣ ከመርከብ ያወረድሁ፣
ዛሬ ተራው ደርሶኝ እኔው ሸክም ሆንሁ፤
በማንሻው ጨርቅ ታዝዬ፣ ካልጋ ወደ ወንበር፣
እንደ ሣጥን ስወዛወዝ፣ የጣራውን ስንጥቅ ስቆጥር።

ባለፈው ወር ብቻ አሥራ አንድ ሰው መጣ፤
"ሻይዎ በስኳር ነው?" አለ፣ መልሴን ሳይሰማ ወጣ።
አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ስልካቸው ይጮኻል፣
ከሸሚዜ ቁልፍ ሁለቱ ሳይያዝ ይቀራል።

አይልሳ ግን
ውሃውን በጣቷ አትለካም፤ እጅጌዋን ሰብስባ
ክርኗን ትነክራለች፣ ልጇን እንደምታጥብ አራስ።
"ትንሽ ይቆዩ፣ ይፋጃል።"
ስታወርደኝም፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው፣
ወንበሩ መምጣቴን ሳይሰማ ነው።
ክሬነኛ ነኝ፤ እጅ አውቃለሁ።

ታዲያ ትዘገያለች።
ከእኔ ቀጥላ ያለችው ወይዘሮ ቡካን
ሾርባዋን ቀዝቅዞ ትጠጣለች።
የበላሁት የእሷን ደቂቃ ነው፤
በግድግዳው በኩል ሳሏ ሲመጣ
ሬዲዮኔን ከፍ አደርጋለሁ።

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ደቅና፣
"አይልሳ በሰዓቱ ትደርሳለች?"
"አዎ" አልኋት።
ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣
በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ፤
እሷም ራይት አደረገች።