ቁልፉ ከአረንጓዴው በር

አውቶቡሱ ከድልድዩ ሥር አራግፎኝ ሲሄድ፣
ከበግና ከዝናብ በቀር አልነበረም በመንገድ።
የዌልስ ዝናብ ነገረኛ ነው፤ አይዘንብም፣ አያባራም፣
ኮት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ባለቤቱን አይፈራም።
ሦስት ቀን እንዲህ ዞርኩ፣ ካርታ ይዤ በጉያ፣
ሰባት ደብር አይቼ፣ እንደ ሸማች በገበያ።

ይህ ስምንተኛው ነው።
ከጎተራ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በዝናቡ ጠቁሯል ጣራው፣
ሁለት በግ አጸዱ ውስጥ፤ አንዷ መቃብር ላይ ነው ሣሯ።
ከደጀ ሰላሙ ያለው ዛፍ ሕንጻውን ይበልጠዋል በዕድሜ፣
ግንዱ ባዶ ነው፤ ገባሁበት፣ ተጠለልኩ እዚያው ቆሜ።
በሩ ዝግ። አንድ ወረቀት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
«ቁልፉ ከአረንጓዴው በር ነው፤ ውሻው አይነክስም» ብሎ።

ውሻው ነከሰኝ። ደግነቱ፣ ያገኘው ሱሪዬን ነው፤
ኢድወል ፕሮሰር ብቅ ሲሉ ጢማቸው ገና ሾርባ ነው።
ቁልፉ ክንድ ያህላል። አልሰጡኝም፤ ይዘውት ተከተሉኝ።
«ሠላሳ አንድ ዓመት ያዝኩት» አሉ፣ «ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤
እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ደብር አልጸልይም።
የአባቴ ቤት ያ ማዶ ነው፣ ግራጫው አዳራሽ ያውልህ፤
መዝሙራችን እዚያ ነበር፤ ዛሬ ጎማ ነው የሚሸጥልህ።»
«ታዲያ እዚህ?» ብላቸው፣
«ቁልፉ የሚስቴ ነበር» አሉ።
ከዚያ ወዲያ፣ እስከ በሩ ድረስ፣ ዝም።

«ተሳላሚ ነህ ወይስ ጎብኚ?» አሉኝ፣ እንደ ኬላ ጠባቂ፤
ጫማዬን አየሁ፣ ካሜራዬን አየሁ፤ ሆንኩ የራሴ ጠያቂ።
«ዝናብ የሸሸሁ ነኝ» አልኩ።
ሳቁ። በሩ ግን ጮኸ።

ውስጡ የረጠበ መጽሐፍ ይሸታል፣ የሌሊት ወፍ፣ ሰም፤
ግድግዳው ኖራ ነው፤ ከኖራው ሥር የተቀበረ ቀለም።
አንድ ቦታ ተፍቆ፣ ከመስኮቱ ጎን፣ አንድ እግር ወጥቷል፣
ጫማ የለውም፤ በጣቶቹ መሃል ትንሽ ዓሣ ያልፋል።
«ክሪስቶፎሮስ ነው ይላል ሊቁ፤ ዓሣ አጥማጅ ነው ይላል ሌላው፤
ነስታ ግን የአባቴ እግር ነው ትል ነበር፣ ቁርጥማት ያስቸገረው።»

ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ፣ መዝገብ፣ በክር የታሰረ እርሳስ።
«ጻፍ» አሉኝ። ገለጥኩት። ገጹ ሁሉ አንድ ቃል ነው፦
ሰላማዊ። በጣም ሰላማዊ። እንዴት ያለ ሰላም ነው።
በብስክሌት የመጣ፣ ለጫጉላ የመጣ፣
ሁሉም ሰላም አግኝቶ በዚህ በር ወጣ።

መነጽራቸውን በሹራባቸው ጠረጉ።
«ክረምቱ ሲረዝም ይህን ነው የማነበው፤ ሌላ ምን አለኝ?
ሰላም አይደለም ልጄ፤ ባዶ ነው። ሰላምማ ጫጫታ አለው፤
የልጅ ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ ከነስታ ኋላ ተቀምጣ
ዜማውን ሁሌ የምታሳስተው የመልቫ ጉሮሮ።
አሁን ቄሷ ዘጠኝ ደብር፣ አንድ መኪና ነው ያላት፤
በወር አንዴ ትመጣለች፣ ጉንፋን ካልያዛት።»

ያኔ ሰማሁት። ጠብ።
ከመንበሩ በስተግራ፣ ጠብ።
ባልዲ ነው፤ ጣራው ከሚያፈስበት ሥር፣ እስከ አፉ ሞልቶ፤
የሽማግሌው ቀኝ ትከሻ አይነሣም፣ ዝቅ ብሏል ዝቶ።

ጆሮውን ይዤ አነሣሁት፤ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ።
ከዛፉ ሥር ደፋሁት፣ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ።
ነስታ ፕሮሰር ይላል ድንጋዩ፤ ከስሟ በታች
ባዶ ቦታ ተትቷል፣ የአንድ ስም ያህል።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ባልዲውን መልሼ፣ ጠብታው ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲጮህ፣
እርሳሱን ያዝኩና ጻፍኩ፦
«ባልዲው ሞልቶ ነበር። ደፍቼዋለሁ።
ውሻው ይነክሳል።»

ጎንበስ ብለው አነበቡት፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፤
ሁለተኛም አነበቡት።
መዝገቡን ዘጉና «ይኼን» አሉ፣
«ለጥር አስቀምጠዋለሁ።»