ድርና አንበሳ

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ብሎክ ሰባት ሲተኛ፣
መጡ ሦስት ሆነው፣ ደባሱ አራተኛ።
አልጋዬን ከበቡት፤ እሱ ደብተር ገልጦ
ስሜን ይጠብቃል፣ ዓይኔ ላይ አፍጥጦ።

«ሠላሳ ብር ናት፤ ከዛ ወንድም አለህ፣
ያምና ፈተና አለህ፣ ሲያምህ ጠያቂ አለህ፣
ካፌ ስትገባ ወንበር ተይዞልህ።
ከኛ ውጪ ጓደኛ የለም፤ ይኸው ነው መሐላው።
ድር ቢያብር...» አለና ቀሪውን ተወው።

ከታች፣ ከኮምቦልቻ፣ የጨርቃ ጨርቁ ሞተር ያጉረመርማል፣
ሌሊቱን በሙሉ ድርና ማጉን ያስማማል።

አንበሳውን ፈለግሁ፣ የሚታሰረውን።
ከበታቼ ይመር ተኝቷል፣ የሐይቁ ልጅ፣
ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል።
ሻንጣዬን ከመናኸሪያ የተሸከመ፣
«ያገርህ ስም ማነው?» ብሎ ያልጠየቀ።
እሱ ነው እንግዲህ?

ውሸት ምን ያደርጋል፤ ልቤ ከጅሏል።
ቅዳሜ ይመር ቤቱ ሲሄድ ግቢው ይሰፋል፣
ትሪዬን ይዤ ስዞር፣ ወንበሩ ሁሉ «ሰው አለው» ይባላል።

«ነገ» አልኳቸው። ደባሱ ሳቀ፤
እስክሪብቶውን ትራሴ ላይ ትቶ ራቀ።

ጠዋት፣ የቦርከና ነፋስ መስኮቱን ሲነቀንቅ፣
ይመር ጫማውን እያሰረ
«እስክሪብቶ አለህ ወይ?» አለኝ።

ትንሽ ቆይቼ
ሰጠሁት።