ቁርጥራጭ

የካቲት ነው፤ ዳኑብ በረዶውን ገፍቶ ይሄዳል፤
ከስቱዲዮው ጥግ ምድጃው እንደ ሽማግሌ ያስላል፤
እኔ ነጭ ጓንት አጥልቄ፣ መቀሴን ስዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣
የሰውን ፍቅር በሜትር እቆርጣለሁ፤ ይኸው ነው ሙያዬ።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንበር የኖርሁ፣
የስንቱን መሳም አሳጥሬ የስንቱን እንባ ያስረዘምሁ፣
ኤተልካ ቆራጯ፣
መዳፏ የማያልባት፣ የማይስት መቀሷ።

ዛሬ የመጣልኝ የቅናት ፊልም ነው።
ባል ይጠረጥራል፤ ብርጭቆ ይወረውራል፤ መጋረጃ ይቀድዳል፤
ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ ጆሮውን ያስጠጋል፤
ዳይሬክተሩ «ቅናት ማለት ይህ ነው! ይፍላ! ይገንፍል!» ይላል።
ሾርባ መሰለው እንዴ?

ቅናት እኮ አይጮህም።
ቅናት ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፦
በኪስ የተረሳ የትራም ትኬት፣ ጠዋት የጎደለ የሸሚዝ ቁልፍ፣
«ደህና ነኝ» በሚለው ቃልና በትንፋሹ መሃል ያለች፣ እልፍ
ዓመት የምታህል ቅጽበት።

ጥቅል ሰባት፣ አራተኛው ቀረጻ።
ካሜራውን የያዘው ባርናባሽ ነው። ባሌ።
ሳሮልታ ከመስኮቱ ዳር አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤
«ቀና በይ» አላት አንድ ድምፅ፤ ቀና አለች።
እሷ ቀና አለች፤ እኔ ቀናሁ።
አንዲት ቃል ናት ለሁለት ሴት የተወረወረች፣
የአንዷን አንገት አንሥታ የአንዷን የሰበረች።

«ቁረጥ!» ተባለ።
መብራት ያዡ ሲጋራ ለኮሰ፤ አንዱ ወንበር ጎተተ፤
ያ የተከራየችው ሐዘን ከሳሮልታ ፊት ረገፈ፤
ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን አሸች።
አዛጋች።
ካሜራው ግን አልቆመም።

ሠላሳ አንድ ፍሬም።
አንድ ሰከንድ ከምናምን።
በዚያች ሽርፍራፊ ጊዜ ማንንም አልመሰለችም፤ ራሷን ብቻ ነበረች፤
ባሌ ደግሞ ያንን ማዛጋት፣ እንደ አዲስ ጨረቃ፣
ትኩረቱን አጥርቶ፣ በቀስታ፣
ከአፏ ጀምሮ ከዐይኗ ዳር እስከ ወጣችው ጠብታ ተከተለው።
እኔ ሳዛጋ «አፍሽን ያዢ» የሚል ሰው።

ወደ ኋላ መለስሁት። ወደ ፊት። ወደ ኋላ።
አዛጋች፤ ማዛጋቷን ዋጠች፤ አዛጋች።
እኔም አብሬ አዛጋሁ። እንባ መጣ፤
የማዛጋት ነው አልሁ።

ቁርጤን አወቅሁ።
ቆራጭ ቁርጧን የምታውቀው እንዲህ ነው፤
ደብዳቤ የለ፣ ሽቶ የለ፣ ከአንገትጌው ላይ ቀለም የለ፤
ማጥፊያውን ለመጫን የዘገየ አንድ ጣት።

ማታ ድንች እየላጠ «ጥቅል ሰባት እንዴት ነው?» አለኝ።
«ብርሃኑ ቆንጆ ነው» አልሁት። እውነቴን ነው።
ድንቹ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረ።
ዝም ብዬ በላሁት።

በማግሥቱ ጩኸቱን ቆረጥሁ፤ ብርጭቆውን ቆረጥሁ፤
የባልየውን የፈጠጠ ዐይን፣ የተቀደደውን መጋረጃ፣ ሁሉንም ከወለል ጣልሁ።
በቦታው ያንን ማዛጋት አስገባሁ፤
ከፊቱ ባልየው በር ላይ ቆሞ ዝም ሲል፤ ከኋላው ምንም።
ዳይሬክተሩ ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ «ይህን ከየት አመጣሽው?»
«ከቁርጥራጭ።»

የምረቃው ምሽት፤ ስድስት መቶ ሰው፤ እርጥብ ካፖርት ይሸታል።
ባልየው በሩ ላይ ቆመ። ሳሮልታ አዛጋች።
አዳራሹ ለሠላሳ አንድ ፍሬም ትንፋሹን ዋጠ፤
ከፊቴ አንዲት አሮጊት «እኔን!» አለች በቀስታ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሰዉ ሲያጨበጭብ ባርናባሽ አላጨበጨበም።
በጨለማው እጁ መጣ፤ እጄን ፈልጎ ያዘ፤
ይቅርታ ይሁን ፍርሃት አልጠየቅሁም።
ልማድ ነው፤
ስንት ፍሬም እንደሚቆይ መቁጠር ጀመርሁ።